ሳታዝዢኝ የተሸከምኩት ድንጋይ

ለትርንጎዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺ ባለሽበት አገር መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። አፈር ካለበስንሽ ወዲህ ገዳሪፍ ሁለት ጊዜ ሰሊጥ አጭዳለች። አሁን ሌላ ክረምት ገብቶ፣ ጥቁሩ መሬት የሰው ጫማ ይዞ አልለቅም የሚልበት ወር ላይ ነን። የመቃብርሽን አፈር ጎርፍ እንዳይወስደው ዙሪያውን ጡብ ደርድሬለታለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል እየሄድኩ አየዋለሁ።

በሕይወት ሳለሽ የምጽፈውን ማንኛውንም ነገር አንቺ ሳታዪው አላወጣም ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ ሐሳቤ ከእጄ ይቀድማል። ይህን ግን እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው፤ ቢጣመም አንቺው አቅኚው። ልጃችን ማኅሌት «አባዬ፣ ጻፍላትና ለሚያውቋትም ለማያውቋትም አነበዋለሁ» ስላለችኝ፣ አንቺ የምታውቂውንም ነገር እደግመዋለሁ። ታገሺኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልሽ ውሸት ነው። አከራያችን ሀጃ ዘይነብ ከካርቱም የሸሹትን እህቷንና የእህቷን ልጆች አምጥታ የፊት ለፊቱን ክፍል ሰጥታቸዋለች። ግቢው በልጅ ጩኸት ተሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ጋደም የምትዪበትን የጠፍር አልጋ፣ አንገረቡን፣ አሳድሼ ለእህቷ ሰጠኋት፤ ወገቧን የሚያማት ሴት ናት። የራኩባውን፣ የዳሱን፣ አንድ ጎን ነፋስ ስለጣለው በቆርቆሮ ደግፌዋለሁ። ማኅሌት የስልክ መስመር ባገኘች ቁጥር «ወደ አዲስ አበባ ና» ትለኛለች። መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ እላታለሁ። መንገዱ ቢከፈትም «እናትሽን ለማን ትቼ ልምጣ?» የሚለውን አልነግራትም።

አንድ ነገር አድርጌአለሁ፣ ትርንጎ። በአንቺ ስም ነው ያደረግሁት፤ ሳልጠይቅሽ። ለነፍስሽ ዕረፍት ብዬ የዳኝነት ስምሽን አሳልፌ ሰጠሁ። ቁጭ ያልኩት ይህን ልነግርሽ ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ ወደዚያ መግባት አቃተኝ።

ከሞትሽ በኋላ ከቤቱ አልወጣሽም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሀጃ ብቻ አወቀችብኝ። አዲስ አበባ ሳለን ከሥራ ስትገቢ ከወንበሬ ብድግ እልልሽ ነበር፣ ችሎት ላይ እንደሚደረገው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ አንቺም «ተቀመጥ፣ ዛሬ የተዘጋ ቀን ነው» ትዪኝ ነበር። እየቆየ ልማድ ሆነና ቀልድነቱን ሁለታችንም ረሳነው። ከሞትሽ በኋላ ታዲያ፣ ሙቀቱ ቤቱን ሲያፍነው ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከበሩ በኩል ጉሮሮሽን ስትጠርጊ እሰማ ነበር፤ ወደ ችሎት ከመግባትሽ በፊት የምታደርጊውን ያን ደረቅ ሳል። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። ሀጃ አንድ ቀን በመስኮት አየችኝና «ማልክ ያ ሞላ? ምን ሆነሃል? ማን መጣ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። «መውላና ናት?» አለች። እዚህ አገር ዳኛን መውላና ነው የሚሉት፤ አንቺንም ሙያሽን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነበር የምትጠራሽ። እሷም በሩ ላይ ውኃ ረጭታ፣ ቢስሚላህ ብላ ሄደች።

ያስፈራኝ መምጣትሽ አልነበረም። አለመቀመጥሽ ነው። ከደፉ አታልፊም። ባለጉዳይ በረንዳ ላይ እንደሚቆም፣ ክንድሽን አጣምረሽ፣ ፊትሽን ወደ ግቢው አድርገሽ ትቆሚያለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆነሽ ሌላው ሲቆም ያየሽ ሰው፣ አሁን ማንን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ እያልኩ አስብ ነበር። ማንን እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ። አበጀን ነው።

አበጀን ከማንሣቴ በፊት ዳኝነትሽን ላንሣ።

መተማ ቆላ የወረዳው ፍርድ ቤት ሾፌር ሆኜ ሳለሁ ነው የመጣሽው። ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣሽ፣ አንድ ሻንጣ ልብስና ሁለት ካርቶን የሕግ መጽሐፍ የያዝሽ ቀጭን ልጅ። «አዲሷ ዳኛ ይቺው ናት? ነፋስ እንዳይወስዳት መዝገብ ጫኑባት» ብለው ጸሐፊዎቹ ሲስቁ ሰምተሻል፤ እንዳልሰማ አለፍሽ። እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግርሽ።

ያን የክረምት ቀን ታስታውሺው ይሆን። ለተዘዋዋሪ ችሎት ወደ ገጠር ስንሄድ አንዲት አሮጊት፣ ነጠላቸውን ዝናብ ከገላቸው አጣብቆት፣ ጭቃ ውስጥ ይዳክራሉ። ፍሬን ያዝኩ። «ሂድ» አልሽኝ። «እንዴ፣ እርስዎ፣ እናት እኮ ናቸው» አልኩሽ። «ባለጉዳይ ናቸው። ዛሬ የመሬት ክርክራቸውን ነው የምንሰማው። ባላጋራቸው በእግሩ ነው የሚመጣው። ሂድ» አልሽ። ሄድኩ። በመስተዋቱ እያየኋቸው ሄድኩ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያን ሰዓት ጠላሁሽ። ኮረብታውን እንዳለፍን «አቁም» አልሽና ወረድሽ። ጫማሽን አውልቀሽ ቀሪውን መንገድ በባዶ እግርሽ ሄድሽው። እኔም ባዶ መኪና ይዤ፣ እንደ አስከሬን ሸኚ፣ በዝግታ ከጎንሽ። ጉልበትሽ ድረስ ጭቃ ሆነሽ ተሰየምሽ። ለአሮጊቷ አልፈረድሽላቸውም፤ ምስክሮቻቸው አልቆሙላቸውም። ስንመለስ «ብጭናቸው ኖሮ ፍርዱ ይከብደኝ ነበር። ሳልጭናቸውም ከበደኝ» አልሽኝ። ሰው የሚያገባትን ሴት የት እንደመረጠ ሲጠየቅ ሠርግ ቤት፣ ጥምቀት ላይ ይላል። እኔ እዚያ ጭቃ ላይ ነው።

ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለፍሽ። ይግባኝ ሰሚ ችሎት ላይ ስትሰየሚ ዘመዶችሽ በግ አርደው ሲጨፍሩ አንቺ ጓዳ ገብተሽ ተቀመጥሽ። «ምነው?» ስልሽ፣ «ወረዳ ሳለሁ ምስክር ሲዋሽ እጁን አይ ነበር። እዚህ እጅ የለም፤ የሚመጣው ወረቀት ነው» አልሽኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር። ለእኔ ከፍ ማለት ከፍ ማለት ነበር።

ዳኛ ዘመድ የለውም ትዪ ነበር። ክርስትና አላነሣንም። ማኅበር አልጠጣንም። ሙክት የላከ ሰው ሙክቱን፣ ማር የላከ ሰው ማሩን ይዞ ተመለሰ። እኔን በመንገድ ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ያለኝን ሰው እንኳ ስሙን ጠይቀሽኝ፣ ጉዳዩ አንቺ ዘንድ ከሆነ ከመዝገቡ ትነሺ ነበር። ስለ ጉዳዮቹ ግን ቤት ውስጥ አንዲት ቃል ከአፍሽ ወጥታ አታውቅም። እኔም ጠይቄሽ አላውቅም። ከሰው ሁሉ ተለይተን፣ አንቺ በምታውቂው ነገር ብቻሽን፣ እኔ ባለማወቄ ብቻዬን ኖርን። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። በኋላ የደረሰብኝ ከዚህ የመጣ ስለሆነ ነው።

ጡረታ ስትወጪ መተማ ባለችን የሰሊጥ መሬት እናረጃለን ብለን ተመለስን። ተኩሱ መጣና ድንበሩን ወደ ሱዳን ተሻገርን። ለሳምንት ነበር። ገዳሪፍ ሳምንቱን አስረዘመችው።

እዚህ ዳኛነትሽን ደብቀሽ ነበር። ያጋለጠሽ የራስሽ አፍ ነው። ፋው በሚባለው እርሻ ላይ በማጭድ የተጎዳዱ ሁለት የአገር ልጆች ለእርቅ ቤተ ክርስቲያን መጡ። ሽማግሌዎቹ አንደኛውን ሰምተው ሊጨርሱ ሲሉ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተሽ «ያኛውስ?» አልሽ። ሌላ ምንም አላልሽም። አንድ የጎንደር ሽማግሌ ዞር ብለው አዩሽና «ይቺ ሴትዮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታውቃለች» አሉ። በዚያው ተያዝሽ። ልጆቹን አንቺ ሰማሻቸው፤ አንቺ አስታረቅሻቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሰው ይጠብቅሽ ጀመር። «ሥልጣን የለኝም» ብትያቸው «እዚህ አገር ሥልጣን ያለው ማን አለ፣ እትዬ?» አሉሽ። ያልተስማማው ካህናቱ ዘንድ ይሂድ ብለሽ ደነገግሽ። የመጀመሪያው ሰው አኩርፎ ወደ ካህናቱ ሲሄድ «ተመስገን፣ እኔም ይግባኝ ተባለብኝ» ብለሽ ስትስቂ፣ እንደዚያ ስትስቂ አዲስ አበባ አይቼሽ አላውቅም። ፊት አገኘሽ። እጅ አገኘሽ።

አበጀ የመጣው እዚያ ነው። እህል ገበያው ውስጥ ሰሊጥ ማበጠሪያ ላይ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። ሙግት አልነበረውም። ሰው ሊበተን ሲል ከፊትሽ ቆመና «እትዬ ዳኛ፣ ደሴ የሚባል የሎሪ ሾፌር ታስታውሻለሽ?» አለሽ። ከጫነው ሰሊጥ ሥር የጦር መሣሪያ ተገኝቶበት የተፈረደበት ሰው ነው። ይግባኙ አንቺ ከነበርሽበት ችሎት ደርሶ፣ አያስቀርብም ተብሎ፣ እሱ ሳይቀርብ በወረቀቱ ብቻ ተዘግቷል።

«አስታውሳለሁ» አልሽ።

«ወንድሜ ነው። እስር ቤት ታሞ ሞተ።»

ከበርጩማሽ ተነሣሽ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልሽው።

«አንቺ አታጽናኚኝ። አንድ ቀን ፊቱን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም» አልሽ።

ይቅርታ አልጠየቅሽም። ትክክል ነበርኩም አላልሽ። ቆምሽለት፣ እሱ እስኪሄድ። በሚቀጥለው እሑድ ኒሙ ሥር አልወጣሽም። ከዚያ ትኩሳቱ ያዘሽ። ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡሽ፤ ሰውነትሽ እምቢ አለ። በመስከረም አረፍሽ።

ቀብርሽ ላይ ሰው ብዙ ነበር። ከሩቁ ሀዋታ ቦክስ በሚሏት ፒክአፕ ተጭነው የመጡ ነበሩ። ፍትሐቱ አልቆ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲል አበጀ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ነበር። «እኔ አልማርኳትም» አለ። አልጮኸም። ለሁሉም ግን ተሰማ። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው። ሣጥኑ ሲወርድ እንኳ አላስታውስም።

እንግዲህ በሩ ላይ መቆም የጀመርሽው ከዚያ ወዲህ ነው። ተዝካርሽን አወጣሁ፤ አልተቀመጥሽም። ሙት ዓመትሽን አስቀደስኩ፤ አልተቀመጥሽም። ለንስሐ አባታችን ለአባ ወልደ ሰንበት ነገርኳቸው። «ቂም የያዘውን ሰው ለምነው፣ ልጄ። ዐቢይ ጾም ነው፣ ጊዜው ነው» አሉኝ።

ለምነው ነው ያሉኝ። እኔ ግን እንደ አባቶቼ ልለምን ብዬ ድንጋይ አነሣሁ። ልብ በይ፣ ትርንጎ። እኛ አገር ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ሰው ደጅ የሚቆም በዳይ ነው፣ ወይም የበዳይ ወገን ነው። ይህን እያወቅሁ አላሰብኩትም። አንገቴ ላይ ስጭነው የታየኝ የአንቺ ቆሞ መቅረት ብቻ ነበር። ከኮረብታው ሥር ጥቁር ድንጋይ መርጬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እህል ገበያውን አቋርጬ ሄድኩ። ሱዳኖቹ ነጋዴዎች ነገሩ ግራ ገብቷቸው መንገድ ለቀቁልኝ። የእኛዎቹ ግን ገብቷቸዋል፤ ሥራቸውን ጥለው ተከተሉኝ። አንዱ ከኋላዬ «አያ ሞላ፣ እሷ ለፈረደችበት ሁሉ አንድ አንድ ድንጋይ ከሆነ አንገትህ አይበቃም» አለ። ሳቁ።

አበጀ ማበጠሪያውን አቁሞ ወጣ። «ስለ ማን ነው የተሸከምከው?» አለኝ።

«ስለ ትርንጎ።»

«ምን አድርጋ?»

ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

«በግፍ ፈረደች በልና ላንሣልህ» አለኝ።

ድንጋዩ ከብዶኝ ነው ብዬ ላሳብብ እችላለሁ። አይደለም። የሚታየኝ በሩ ነው። እዚያ ደፍ ላይ ክንድሽን አጣምረሽ። «አዎ» አልኩ። «አዎ ምን?» አለ። «በግፍ ፈርዳለች» አልኩ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን አነሣልኝ። «እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» አለ። ያ ሁሉ ሰው «አሜን» አለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁሽ። አልመጣሽም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣሽም። ገባች፣ አረፈች ብዬ ወድቄ ተነሥቼ አመሰገንኩ። ሰውነቴ ቀለለኝ፤ ዳቦ በፉል አስደርጌ እስክጠግብ በላሁ። ከዚያ ዝምታው ይጠብቅብኝ ጀመር። ያረፈ ሰው ዝምታ አንድ ነው፤ ያኮረፈ ሰው ዝምታ ሌላ ነው። በሕይወት ሳለሽ ሁለቱን መለየት እችል ነበር። አሁን አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ እተወዋለሁ፤ የሀጃ እህት ልጆች ኳስ ብቻ ነው የሚገባው።

ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ሀዋታም ፋውም ደረሰ። «የዳኛዋ ባል ራሱ መስክሯል» ተባለ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ሴት «እንኳን ተገለጠ፤ ድሮም ሴት ሲፈርድ ደስ አይለኝም ነበር» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ይህን እንኳ እችለው ነበር። ካስታረቅሻቸው የፋው ልጆች አንደኛው፣ ክንዱ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ «በግፍ የምትፈርድ ሴት ናት ያስታረቀችን፤ እርቁ ፈርሷል» ብሎ ማጭዱን መሳል ጀመረ። ኒሙ ሥር ያደረግሽው ሁሉ፣ ፊት እያየሽ ያደረግሽው ሁሉ፣ በእኔ አንድ ቃል ሊፈርስ ሆነ።

ወደ አባ ሮጥኩ። አባ አዳመጡኝና መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። «ለምነው አልኩህ እንጂ ተናዘዝላት አልኩህ?» አሉ። «የራስህን ኃጢአት ታውቀዋለህ፤ እሱንም እያታለልክ ነው የምትነግረኝ። የሚስትህን በምን አወቅህ?»

በምን አወቅሁ። ትርንጎ፣ ይህን ጥያቄ ተሸክሜ ስንት ቀን እንደተኛሁ አልነግርሽም። ትክክል ፈርደሽ እንደሆነ አላውቅም። ተሳስተሽ እንደሆነም አላውቅም። ሦስት ሆናችሁ ነው የተሰየማችሁት፤ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። ከአንድ ማዕድ ስንበላ ኖረን፣ አንቺ በምትኖሪበት ነገር ውስጥ እኔ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም። ያላነበብኩትን መዝገብ ገልጬ፣ አንቺን ሳልሰማሽ፣ ያን ያህል ሰው ፊት ፈረድኩብሽ። አንቺ ጭቃ ውስጥ ያሉትን አሮጊት እንኳ ባላጋራቸው በሌለበት ያልጫንሽ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ አበጀ ተመለስኩ። ድንጋዬ ከማበጠሪያው ፊት የቆመ ሎሪ ጎማ ሥር ተሸጉጧል። «አበጀ፣ ድንጋዬን መልስልኝ» አልኩት። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ምን ሆንክ?»

«በግፍ ፈረደች ያልኩት ውሸት ነው። በሐቅ ፈረደች ብልህም ውሸት ይሆናል። እኔ ሾፌር ነበርኩ፤ ደጅ ነው የምጠብቃት። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ፍርድ በምታነብበት ቀን እህል አፏ አይገባም ነበር። እንደሚቆርብ ሰው ሆና ነበር የምትወጣው። በማን ላይ እንደሆነ አትነግረኝም። የወንድምህም ቀን ከእነዚያ ቀኖች አንዱ መሆኑ አይቀርም።»

«ታዲያ መጾሟ ወንድሜን መለሰልኝ?»

«አልመለሰልህም።»

«ምሕረቴንም ልትመልስልኝ ነው የመጣኸው?»

«አዎ። በውሸት ነው የወሰድኩት።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰሊጥ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። መዳፉ ላይ የቀረውን ሰሊጥ በአውራ ጣቱ አንከባለለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመዳፉ እንደሚናገር፣ «ደሴም ከሥር የጫኑበትን ያውቅ እንደሆነ አላውቅም» አለ። «ጠይቄው ነበር፣ እስር ቤት ልጠይቀው ሄጄ። ቀና ብሎ አየኝና የእናታችንን ጤንነት ጠየቀኝ። አንተ ብቻ ነህ እንዴ የማታውቀው፣ አያ ሞላ?»

ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ተነሣና «ድንጋዩ ሎሪ ይዟል። ሂድ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ኒሙ ሥር ቆሜ ለአበጀ ያልኩትን ለሁሉም ደገምኩት። አንቺ በዚያ ሁሉ ዓመት እንዴት አድርገሽ እንደተናገርሽ ያን ቀን ገባኝ። የፋው ልጆች መጥተው ነበር። ጠባሳ ያለበት «አያ ሞላ፣ አንተ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ ነህ» አለኝ። ልክ ነው። የጎንደሩ ሽማግሌ ግን «እርቁን ያጸናችው እሷ ናት ወይስ አንተ የሳምከው መስቀል?» ሲሉት አንገቱን ደፋ። አሁን ሁለቱም ለአረም ወደ እርሻ ወርደዋል፣ በአንድ ሎሪ። ታርቀዋል አልልሽም። ማጭዱ ግን ሰው ላይ አልተነሣም።

አንቺ አልተመለስሽም። ይህን ነው የፈራሁት፣ ይህን ነው የምጽፍልሽ። ቃሌን ስመልስ ወደ በሩ የምትመለሺ መስሎኝ ነበር፤ ቆመሽም ቢሆን። ሳልሽን እንኳ እየተመኘሁ ነው። አንዳንድ ቀን ሀጃ አልፋ ስትሄድ «ሊሳ?» ትለኛለች፣ እስካሁን አልመጣችም እንደማለት። አዎ፣ እስካሁን።

ፍልሰታ ስትፈታ፣ ለሁለተኛው ሙት ዓመትሽ ጸሎት ላስይዝልሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመ ክርስትናሽን፣ ወለተ ሚካኤልን፣ ለአባ አስጽፌ ስወጣ አበጀ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ጭቃ በጭቃ ነው፤ ከገበያ በእግሩ ነው የመጣው። ሰላምታ አልሰጠኝም።

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አለኝ።

«ምኑ?»

«የደሴ። የክርስትና ስሙ። እዚህ የሚያስጠራለት የለም፤ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ከራቅሁ ቆይቻለሁ።» ሊሄድ ዞር አለና መለስ ብሎ፣ «ምሬአታለሁ አላልኩህም» አለኝ።

«አላልከኝም» አልኩት።

ወደ ውስጥ ተመልሼ አባን ከአንቺ ቀጥሎ እንዲጽፉት ለመንኳቸው። አንቺ ይህን ሰው በመዝገብ ነው የምታውቂው። ፊቱን አላየሽውም፤ ካህን ሲያጠምቀው ምን ብሎ እንደጠራው የሚነግርሽም አልነበረም። ይኸው እኔ ነገርኩሽ። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። የጫነውን ያውቅ ነበር አያውቅም፣ ልክ ነበርሽ አልነበርሽም፣ እዚያ ያለው ዳኛ ሁለታችሁንም አቅርቦ ይስማችሁ። እኔ ከእንግዲህ አልፈርድም። በሕይወት እስካለሁ ግን፣ ክረምቱ ቢከፋም፣ መንገዱ ተከፍቶ ሰው ሁሉ ቢሄድም፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ እዚያ ቆሜ አንቺን ወለተ ሚካኤል፣ እሱን ኃይለ ጊዮርጊስ ብዬ አስጠራችኋለሁ። አንዳችሁን ብቻ አስጠርቼ አልወጣም።

ባልሽ ሞላ